ወንጭፍ አይደለም፦ በሽቦ ስለሚበር አውሮፕላን የምሰማቸው ስህተቶች

ጥር ላይ ጤፉ ታጭዶ ካለቀ በኋላ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ሜዳ ለእኔ ኤርፖርት ይሆናል። መሃሉ ላይ እጀታ ይዤ እቆማለሁ። ከእጀታው 18 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ይወጣሉ። ጫፋቸው ላይ ባልሳ ከሚባል ቀላል እንጨት የተሠራ፣ ክንፉ 1 ሜትር ከ7 ሳንቲ የሆነ አውሮፕላን አለ። ሞተሩ ሲነሳ እሱ በዙሪያዬ ይበራል፣ እኔም አብሬው እዞራለሁ።

ጨዋታው ኮንትሮል ላይን ይባላል። የእኔው አውሮፕላን ሪንግማስተር ነው። የፊላደልፊያው ስተርሊንግ ኩባንያ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በካርቶን እያሸገ ይሸጠው የነበረ ኪት፣ ማለትም ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው የክፍሎች ስብስብ ነው። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዝቶ አመጣልኝ። ሜዳው ላይ ተመልካች አይጠፋም። ተመልካች ካለ ደግሞ አስተያየት አይቀርም።

«ወንጭፍ ነው እኮ! የሚያሽከረክረው እሱ ነው»

ይህን የሚሉት ማማ ላይ ሆነው ወፍ የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። ወንጭፍ ያውቃሉ፣ አልፈርድባቸውም። ግን የወንጭፍ ድንጋይ ክንዳችሁ ሲያርፍ ያልቅለታል። አውሮፕላኑ የሚሄደው በራሱ ሞተር ነው፣ የሚያነሳውም የራሱ ክንፍ ነው። እኔ ክንዴን አላወዛውዝም።

እንዲያውም ጎታቹ እሱ ነው። 900 ግራም ይመዝናል፣ አንዱን ዙር በ5 ሰከንድ ይጨርሳል። ይህ በሰዓት 81 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ፍጥነት ሽቦውን ወደ ውጭ የሚስብበት ጉልበት 2.6 ኪሎ ዕቃ በእጅ እንደ ማንጠልጠል ነው። ይህ ጉተታ የግድ ያስፈልጋል። ሽቦው ከላላ አውሮፕላኑ አይታዘዝም። ለዚህ ሲባል የውጭው ክንፍ ጫፍ ላይ ትንሽ እርሳስ ይቀበራል፣ የጭራው ቋሚ መሪም ወደ ውጭ ትንሽ ይጣመማል።

ልጆቹ ልክ የሚሆኑበት አንድ ጊዜ አለ። ነዳጅ አልቆ ሞተሩ ሲጠፋ ወደ ኋላ እየተራመድኩ፣ እጄን እያስቀደምኩ ትንሽ እስበዋለሁ። ግማሽ ዙር ይጨምርልኛል። ያኔ «አላልንህም ጋሼ!» ብለው ይጮሃሉ።

«በሽቦው ውስጥ መብራት ነው የሚሄደው»

የሚሄድ ነገር የለም። ሽቦው ልጓም ነው። ልዩነቱ የፈረስ ልጓም ግራና ቀኝ ሲያዞር ይሄኛው ላይና ታች ማዘዙ ነው። ግራ ቀኝ ማለት እዚህ አያስፈልግም፣ ሽቦው ራሱ ክብ አስይዞታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ክንፉ ውስጥ ገብተው ቤልክራንክ በሚባል ቁራጭ ሁለት ጫፎች ላይ ይታሰራሉ። ቁራጩ መሃሉ ላይ በቡሎን ስለተያዘ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል። ከሦስተኛው ጫፉ የሚነሳ ጠንካራ ዘንግ ወደ ጭራ ይሄድና ኤሌቬተሩን፣ ማለትም የጭራውን ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ያነሳል ወይም ይጥላል። እጀታውን ወደ ላይ ስቀስር አንዱ ሽቦ ይሳባል፣ ሌላው ይላላል፣ አፍንጫው ይነሳል። በቃ ይኸው ነው። ባትሪ የለም፣ ሬዲዮ የለም። በዚህች አንዲት ትእዛዝ ብቻ በጀርባ መብረርም፣ በአየር ላይ 8 ቁጥር መጻፍም ይቻላል።

ቀላል ስለሆነ ግን ይንቁታል። የመጀመሪያ ቀን ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይሬ አሰርኳቸው። አውሮፕላኑ ተነሳ። ከፍ በል ስለው አፈር ውስጥ ተተከለ። ወር የለፋሁበት ክንፍ በሁለት ሰከንድ። አሁን ሳላስነሳ በፊት እጀታውን ቀስሬ ጭራውን አያለሁ፣ ደግሜ አያለሁ።

«ቤንዚን ካጣህ አረቄ ሙላበት»

ጎጃም ውስጥ ሆኖ ይህን ያልሰማ ካለ ተመልካች አልነበረውም ማለት ነው። አንድ አባት ከምራቸው ጠርሙስ ይዘው መጥተውልኛል።

ሞተሩ ቤንዚንም አረቄም አይወስድም። ነዳጁ ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል ነው። እንደኔው ላሉ አሮጌ ሞተሮች ከጠቅላላው ሩብ ያህሉ የጉሎ ዘይት ይሆናል። አዎ፣ እናቶቻችን ምጣድ የሚያሟሹበት ያው ጉሎ፤ ብቻ ተጣርቶ የጠራው። ከሞተሩ ቅባት ሆኖ ገብቶ ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ ከበረራ በኋላም አውሮፕላኑ ሙሉ በሙሉ ቅቤ የተቀባ ይመስላል። ናይትሮሜቴን የሚባል ጉልበት ሰጪ ኬሚካልም ጥቂት ይጨመርበታል።

ሜታኖል የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ ሞተሮች እንደ መኪና ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የላቸውም። በምትኩ ግሎው ፕላግ የሚባል አላቸው፤ ውስጡ የፕላቲነም ሽቦ አለ። መጀመሪያ በ1.5 ቮልት ባትሪ ታግለዋለህ። ከተነሳ በኋላ ባትሪውን ትነቅላለህ። ሽቦው ነዳጅና አየሩ ሲጨመቅ በሚፈጠረው ሙቀትና ከሜታኖሉ ጋር በሚፈጥረው ግንኙነት እንደ ጋለ ይቆያል። አረቄ ሌላ አልኮል ነው፣ ውሃውም ብዙ ነው። ሞተሩ ያስላል እንጂ አይነሳም።

የተገላቢጦሹ ስህተት ግን ይገድላል። ሜታኖል አይጠጣም። ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ ከዚያ ሲያልፍ ነፍስ። በቆዳም ይገባል። እሳቱ ደግሞ ቀን በፀሐይ አይታይም ማለት ይቻላል። እኔ ጣሳውን ቆልፌ አስቀምጣለሁ፣ በመጠጥ ጠርሙስ ደግሞ በፍጹም አልቀዳም። እኒያ አባት ጠርሙሳቸውን ይዘው ተመለሱ፤ አልተጎዱም።

«ኪት ማለት ተቆርጦ ያለቀ ነው፣ ማጣበቅ ብቻ»

የዛሬዎቹ በሌዘር የተቆረጡ ኪቶች ወደዚያው ናቸው። የድሮዎቹ ግን ሌላ ታሪክ ናቸው። ፋብሪካው የክንፉን ጎድኖች በስለት ማተሚያ ነበር የሚቆርጠው። ስለቱ ከደነዘዘ እንጨቱን አይቆርጥም፣ ይጨፈልቀዋል። ካርቶኑን ስከፍት ግማሹ ጎድን ከጠፍጣፋው አልላቀቅም አለ። በምላጭ እየፈለቀቅኩ፣ የተሰበረውን በአዲስ እንጨት እየቀየርኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያስተካከልኩ ወር ፈጀብኝ።

ፕላኑ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ ላዩ ላይ ፌስታል፣ ከዚያ ጎድኖቹ በስፒል ይያዛሉ። ኮላው ሲደርቅ ፌስታሉ ይላቀቃል። ወረቀቱ ከለበሰና ዶፕ (ወረቀቱን የሚወጥር ቫርኒሽ) ከተቀባ በኋላ ክንፉ ተጣሞ ካገኛችሁት አትደንግጡ። የሻይ ማንቆርቆሪያ አፍልታችሁ እንፋሎቱ ላይ ያዙት፣ በተቃራኒው ጠምዝዙት፣ እስኪቀዘቅዝ እንደያዛችሁ ቆዩ። ክንፉን ከኋላ ስታዩት ሁለቱ ወገን እኩል ካልሆነ ምንም ጎበዝ አብራሪ አያድነውም።

«ባልሳ ለምን? እንጅባራ ቀርቀሃ ሞልቶ የለ!»

ይህ ከስህተቶቹ ሁሉ የምወደው ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። የአዊ ቀርቀሃ ጠንካራና ተለማጭ ነው። የክንፍ ጫፍ ቅስት ለመሥራት፣ ለማረፊያ መንሸራተቻ፣ ለስንጥር ተጠቀሙበት፤ ድሮም ሞዴል ሠሪዎች ይጠቀሙበት ነበር። ግን ሙሉውን ክንፍ በቀርቀሃ ከሠራችሁት አይሆንም። ለሞዴል የሚመረጥ ባልሳ በኪዩቢክ ሜትር 160 ኪሎ ገደማ ነው። ቀርቀሃ ከዚያ አራት እጥፍ ገደማ ይመዝናል። ባልሳው የሚመጣው በአብዛኛው ከኢኳዶር ነው። የሚገርመው እንዲያ በጥፍር የሚቧጨር ሆኖ በዕፅዋት ሊቃውንት ምደባ ከጠንካራ እንጨቶች ጋር ነው የሚቆጠረው።

ሞተሩ የሚቀመጥበት ላይ ግን ለስላሳ እንጨት አይታሰብም። የኪቱ ድጋፍ በስብሶ ስለነበር በወይራ ቁራጭ ተካሁት። ይከብዳል፣ ግን አፍንጫ ላይ የተጨመረ ክብደት ያን ያህል አይጎዳም። የሚጎዳው ጭራ ላይ የሚጨመረው ነው።

«ደጋ ስለሆንን ሰማዩ ቅርብ ነው፣ በቀላሉ ይነሳል»

ተቃራኒው ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለሉ 21 በመቶ ያህል ሳስቷል። ባሕር ዳር ከተማ ላይ 16 በመቶ አካባቢ ነው። ክንፉ የሚደገፍበት አየር ሲሳሳ ያው አውሮፕላን ሳይወድቅ ለመቆየት 13 በመቶ ገደማ መፍጠን አለበት። ሞተሩም የሚተነፍሰው ስላነሰ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ነዳጁን የሚመጥነውን መርፌ ፋብሪካው ካለው ትንሽ ጠበቅ አድርጉ፣ አውሮፕላኑንም አቅልሉ። ለእኛ ግራም ገንዘብ ናት።

«ያዞራል»

ሁለት ቀን ያዞራል። አውሮፕላኑን ብቻ እዩ፣ ከጀርባው የሚሮጠውን ባሕር ዛፍ አትዩ። ይለቃችኋል።

«ድሮን ነው»

ይህ ቀልድ አይደለም። በአሁኑ ጊዜ ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ሰው ያስደነግጣል፣ ቢደነግጥም አይፈረድበትም። አውሮፕላኑ ካሜራ የለውም፣ ከ18 ሜትር ሽቦው አልፎ መሄድም አይችልም። ግን ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ጎረቤቴ አይደለም። ስለዚህ አስቀድሜ ለቀበሌው እናገራለሁ፣ ለመንደሩ ሽማግሌዎችም አሳያለሁ። የመብራት ምሰሶ ባለበት አካባቢ ደግሞ በፍጹም አላስነሳም፤ የብረት ሽቦ በእጄ ይዤ ነው የምቆመው። ነጎድጓድ ከሩቅ ከተሰማም እጠቀልላለሁ።

ባለፈው አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ብዙ ቆይተው አዩኝ። ካረፈ በኋላ ጠጋ ብለው ሽቦውን በጣታቸው ሳብ አደረጉት። ማዶ ጭራው ብድግ አለ። ደግመው ሳቡት፣ ደግሞ ተነሳ።

«ታዲያ ልሂድ ቢልም አትለቀውም በለኛ» አሉኝ።

«አለቀውም አባባ።»

«እንዲያ ከሆነስ ይብረር» ብለው ከከብቶቻቸው ኋላ ሄዱ።