የፎቶግራፍ ሙያና የግል ስልት በባሕር ዳር

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በከተማዋ በፎቶግራፍ የሚተዳደሩ ባለሙያዎች ወደ ሙያው የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሳይሆን በፎቶ ቤት በኩል ነው። ጀማሪው ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ያትማል፣ ይቆርጣል፤ ሠርግ ሲኖርም ዋናውን ካሜራማን ተከትሎ መብራትና የካሜራ መቆሚያ ይሸከማል። በመሆኑም የአንድ አንሺ የግል ስልት ከእንጀራ ሥራው ተለይቶ ሊታይ አይችልም፤ ብዙ ጊዜም የሚወለደው ከዚያው ከእንጀራ ሥራው መካከል ነው።

ገቢው ወቅት ጠባቂ ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይበዛል፤ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን በሚያስመርቅበት ሰሞን ደግሞ የሐይቁ ዳር በጥቁር ጋዋን ይሞላል። ደንበኞች ከስልካቸው ላይ ፎቶ እያሳዩ “እንደዚህ አድርገህ አንሳን” ማለታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ የታዘዘው ፖዝ ለፈጠራ የሚተወው ቦታ ጠባብ ነው። የአንሺው ምርጫ የሚታየው በትእዛዞቹ መካከል በሚቀሩት ደቂቃዎች ነው፤ ሙሽራዋ መኪና እስኪመጣ ስትጠብቅ እናቷ ነጠላዋን እያስተካከለች የምትቆምበት፣ ወይም ከድንኳኑ ጀርባ ወጥ የሚያማስሉት ሴቶች ጭሱን በእጃቸው የሚያባርሩበት ደቂቃ። አልበሙ ውስጥ ሳይገቡ በሃርድ ዲስክ ላይ የሚቀሩት እነዚህ ፎቶዎች፣ አንሺው ምን እንደሚማርከው ከአልበሙ ይልቅ ይናገራሉ።

በአነሳስ ስልት ላይ ትልቅ ጫና ያለው የከተማዋ አቀማመጥ ነው። ሐይቁ ከከተማዋ በስተሰሜን የተዘረጋ በመሆኑ፣ ውኃውን ከኋላው አድርጎ የሚነሳ ሰው ፊቱ ወደ ደቡብ ይዞራል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በደቡብ በኩል ስለሆነ፣ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ያርፍና ዓይኑን ያስጨፍነዋል፤ በሚያዝያ አጋማሽ ደግሞ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትቆም ከቅንድብና ከአገጭ ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። አንዳንዱ አንሺ ከዚህ ለመሸሽ ተነሺዎቹን ከዋርካ ጥላ ሥር ያስገባና ለስላሳ፣ ጥላ አልባ ፊት ያወጣል። ሌላው በኃይለኛ ፍላሽ ፀሐይዋን ይገዳደርና ሰማዩ የጠቆረ፣ ፊቱ ግን ስቱዲዮ ውስጥ የተነሳ የሚመስል ፎቶ ይሠራል። እስከ 11 ሰዓት ጠብቆ ጀንበሯን ከተነሺው ጀርባ የሚያደርግም አለ። ከእነዚህ አንዱን ለዓመታት ደጋግሞ የመረጠ ባለሙያ፣ ስሙ ባይጻፍበትም ሥራው “የእገሌ እጅ ነው” እስከመባል ይደርሳል።

ነጭ ልብስም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ስለሆነ፣ ጥር 11 ቀን ታቦት በሚያጅበው ሕዝብ መካከል ፍሬሙ በነጠላና በጋቢ ሲሞላ ምስሉን ያጨልመዋል። ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ የሰዉ ፊትም ዝርዝሩን ያጣል። ልምድ ያለው ሰው መለኪያው ከሚለው አንድ ስቶፕ ያህል (ማለትም የብርሃኑን መጠን እጥፍ) ይጨምራል፤ ሲያበዛው ግን የጥለቱ ክርና የሸማው ሽመና ይጠፋል። ፊቱን ላድን ወይስ ሸማውን የሚለውን መወሰን ከሙያ ብልሃት አልፎ የአመለካከት ጉዳይ ይሆናል፤ በዚህ ጸሐፊ ግምት ፊቱን የሚመርጡት ይሻላሉ።

በሐይቁ ላይና በዘጌ ልሳነ ምድር ያሉት ገዳማት ሌላ ዓይነት ትምህርት ይሰጣሉ። እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ሲሆን፣ ብርሃን የሚገባው በዙሪያው ካሉት በሮችና መስኮቶች ብቻ ነው። ለሥዕሎቹ ደኅንነት ሲባል ፍላሽ ስለሚከለከል፣ አንሺው ትንፋሹን ይዞ በዝግታ ማንሳትን ይለማመዳል። ሥዕሎቹም ቢሆኑ ሥርዓት አላቸው፤ ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ሲመለከቱ ክፉዎች በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሣላሉ። ተነሺውን መሀል አቁሞ ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራው እንዲያይ የማድረግ ልማድ ከፎቶ ቤት የመጣ ቢሆንም፣ ይህን ሥዕል እያየ ላደገ ዓይን እንግዳ እንዳልሆነ መገመት ይቻላል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስን ወደመሳሰሉት ገዳማት ሴቶች ስለማይገቡ፣ ሴት አንሺዎች የገዳማቱን ርዕስ የሚይዙት በዘጌ ካሉት፣ ወይም በደቅ ደሴት እቴጌ ምንትዋብ ካሠሯት ከናርጋ ሥላሴ በኩል ነው።

ጣና ብዙ ጊዜ የተነሳ ሐይቅ ነው። በደንገል ታንኳ ላይ የቆመ ቀዛፊ ከምትጠልቅ ጀንበር ፊት በጥቁር ጥላ መልክ የሚታይበት ፎቶ በየሆቴሉ ግድግዳና በየፖስት ካርዱ ስላለ፣ ጀማሪ ሁሉ አንድ ጊዜ ያነሳዋል፤ ክፋት የለውም፣ ችግሩ እዚያው መቅረት ነው። ከዚያ አልፈው የሄዱት ታንኳው ከመንሳፈፉ በፊት ያለውን ሥራ ይከታተላሉ፤ ደንገሉ ሲታጨድ፣ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ፣ በገመድ ሲታሰር፣ ውኃ የጠጣው አሮጌ ታንኳ ደግሞ ዳር ወጥቶ ሲጣል። ለዚህ ከታንኳ ሠሪዎቹ ከወይጦዎች ጋር መተዋወቅ፣ ፈቃድ መጠየቅና ካሜራ ሳይዙም መምጣት ያስፈልጋል። እምቦጭ አረም የሐይቁን ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ በወረረበትና ሕዝቡ በእጁ ሊነቅል በወጣባቸው ዓመታትም፣ ውብ ፎቶ ብቻ ሲፈልጉ የነበሩ አንሺዎች ወደ ዘገባ ፎቶግራፍ የሚያዘነብሉበት ምክንያት ተገኝቷል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ደግሞ መስመርና ኮንክሪት ለሚወዱት አዲስ ርዕስ ሆኗል።

ከማንሳት በኋላ ያለው ሥራ አጭር ቃል ይበቃዋል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ፕሪሴት (ቀለምንና ብርሃንን በአንድ ጊዜ የሚለውጥ የማስተካከያ ቅንብር) የሁሉንም ፎቶ ቡናማ አድርጎ ያመሳስላል፤ የቆዳን ቀለም ማንጣት ደግሞ ደንበኛ የሚጠይቀው፣ ጥሩ አንሺ ግን የሚከራከርበት ነገር ነው።

ሥራን ለሌላ ባለሙያ ዓይን ማቅረብ ስልትን የሚያጠራ ቢሆንም፣ ዋናው መድረክ የሚገኘው ከከተማዋ ውጭ ነው። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለው የፎቶግራፍ ፌስቲቫል በአዲስ አበባ ሲካሄድ የቆየ ሲሆን፣ አመልካች ተያያዥነት ያላቸው ፎቶዎች መርጦ ማቅረብ ነበረበት። ለዓመታት ነጠላ ነጠላ ፎቶ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲለጥፍ ለኖረ ሰው ከባዱ ይህ ምርጫ ነው፤ ብዙ መውደድ ያገኘው ፎቶ ከሌሎቹ ጋር ሲደረደር አይገጥምምና ይወጣል።