«ከእኛ ውጭ ያለ ሁሉ አለቀለት» የሚባለው ነገር

«ክርስትናም እስልምናም የሚሉት ያው ነው፤ የእኛን እምነት ያልያዘ ሁሉ ገሃነም ነው።» ሃይማኖት ሳስተምር እንደዚህ ያሰለቸኝ አባባል የለም። በእምነቱ የሚኮራውም ይለዋል፣ ሃይማኖት የሚጠላውም ይለዋል። ሁለቱም አንድ ጥቅስ ይዘው ይመጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ አላነበቡም።

ጥቅሶቹ አሉ። ዮሐንስ 14፥6 «በእኔ በቀር ወደ አብ የሚመጣ የለም» ይላል። ቁርኣን 3፥85 ከኢስላም ሌላ ሃይማኖት የሚፈልግ ሰው ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል። ታዲያ መልእክቱ ጭራሽ ያልደረሰው ሰውስ? አንዲት ተማሪዬ «አያቴ ወንጌል ሳትሰማ ነው የሞተችው፤ በቃ አለቀላት?» ብላ ስትጠይቀኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ሰው ጥቅስ ወርውሮባት ሄዷል።

ሊቃውንቱ ግን እንዲህ አልቸኮሉም። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ታዋቂው የእስልምና ሊቅ ኢማም አል-ጋዛሊ ሙስሊም ያልሆኑትን በሦስት ከፍለዋቸዋል። የነቢዩን ስም እንኳ ያልሰሙ፤ እነዚህ በቂ ምክንያት ስላላቸው አይጠየቁም። እውነቱን በደንብ አውቀው እምቢ ያሉ፤ ተጠያቂ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው። ሦስተኛዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለ ነቢዩ የተጣመመ ወሬ ብቻ የሰሙ ናቸው። አል-ጋዛሊ እነዚህን ከመጀመሪያዎቹ ጋር ደምረዋቸዋል። ቁርኣን 17፥15ም መልእክተኛ ሳይላክ ቅጣት እንደሌለ ይናገራል።

በክርስትናም «ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ድኅነት የለም» የሚለው የጳጳሱ የቆጵርያኖስ ቃል አለ። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተነገረው ግን ከቤተ ክርስቲያን ተገንጥለው ስለወጡ ክርስቲያኖች ነው። እርግጥ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የፍሎረንስ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1442 አረማውያንንና አይሁድን ጨምሮ አጥብቆታል። ይህችው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ያለ ጥፋታቸው ወንጌልን ያላወቁና እግዚአብሔርን በቅን ልብ የሚፈልጉ ሊድኑ እንደሚችሉ አስተማረች። ብዙ ወንጌላውያን (ፕሮቴስታንት) ክርስቲያኖች በዚህ አይስማሙም። ይህን ማወቅም ያስፈልጋል፤ «ክርስትና እንዲህ ይላል» ከማለታችሁ በፊት የትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ መቼ እንዳለው ጠይቁ።

ሌሎቹን የተሳሳቱ አባባሎች በአጭሩ ልለፋቸው።

«ሙስሊም ጀነት የሚገባው በሥራው ብቻ ነው።» አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም በተባሉት ሊቃውንት የሐዲስ (የነቢዩ ንግግሮች) ስብስቦች ውስጥ ነቢዩ ማንም በሥራው ብቻ ጀነት እንደማይገባ፣ እሳቸውም ቢሆኑ የአላህ እዝነት እንደሚያስፈልጋቸው ተናግረዋል።

«ክርስቲያን ካመነ ያሻውን ቢሠራ ግድ የለም።» ያዕቆብ 2፥26ን አንብቡ፤ ያለ ሥራ እምነት የሞተ ነው።

«ቁርኣን ሁሉም አንድ እንዲሆን ያስገድዳል።» 5፥48 አላህ ቢሻ ኖሮ አንድ ሕዝብ ባደረጋችሁ ነበር ይልና በበጎ ሥራ እንዲሽቀዳደሙ ያዛል። 2፥256ም በሃይማኖት ማስገደድ የለም ይላል።

«ሌላውም ሊድን ይችላል ካልክ ሃይማኖት ሁሉ እኩል ነው ማለትህ ነው።» ይህን የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አል-ጋዛሊ እስልምና ብቸኛው እውነት መሆኑን ለአፍታ አልተጠራጠሩም። የቫቲካኑ ጉባኤም ድኅነት በክርስቶስ ነው ከማለት ንቅንቅ አላለም። ሁለቱም ፍርዱን ለፈጣሪ ተዉት እንጂ እምነታቸውን አላላሉም።