«ፈቃድ ያላት ኤስቴቲሽያን» ማለት ምንድን ነው?

የገና ጾም ሊፈታ ሲቃረብ በጎንደር የውበት ቤቶች ተራ መጠበቅ ይጀመራል። ጥምቀት ደርሷል፤ ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ደግሞ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ሠርጉ ይከታተላል። ሹሩባ ልትሠራ የመጣች ደንበኛ ተራዋን ስትጠብቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ዝርዝር ታነብና «ፌሻልም ትሠራላችሁ እንዴ?» ብላ ስለ ፊት ቆዳ እንክብካቤው ትጠይቃለች። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አዎ» ነው። የሚሠራው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተማረና በማን እንደተመዘነ ግን እምብዛም አይጠየቅም፤ ከዋጋው ዝርዝር አጠገብ በመስታወት ታቅፎ የተሰቀለ ወረቀት ቢኖር እንኳ የምን ወረቀት እንደሆነ ጠጋ ብሎ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው።

ኤስቴቲሽያን በአማርኛ የቆዳ ውበት ባለሙያ ልንላት የምንችል፣ ጤናማ በሆነ ቆዳ ላይ፣ ያውም በላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ የምትሠራ ሰው ናት። (በአንስታይ ጾታ የምጽፈው በዚህ ከተማ ሙያውን የያዙት በአብዛኛው ሴቶች ስለሆኑ እንጂ ወንድ ስለማይሠራው አይደለም።) ፊት ታጸዳለች፣ በእንፋሎት ታላላለች፣ ጥቁር ነጥብ ታወጣለች፣ የሞተ ቆዳ ታነሣለች፣ ማስክ ትቀባለች፣ ቅንድብ በክር ታስተካክላለች፣ ፀጉር በዋክስ ትነቅላለች፣ ሜካፕ ትሠራለች። ፀጉር ሠሪ አይደለችም፤ ሐኪምም አይደለችም። ቋቁቻ፣ ጭርት፣ ችፌ ወይም ለምጽ ያለበት ፊት ከፊቷ ሲቀመጥ የእርሷ ሥራ «ይህን የሚያክመው ሐኪም ነው» ብሎ መሸኘት ነው። በሽታ መመርመር፣ መድኃኒት ማዘዝ፣ መድኃኒት በመርፌ መውጋት የእርሷ ድርሻ አይደለም። እንደ እኔ ግምት «ፈቃድ» በሚለው ቃል ውስጥ ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ፈቃዱ እጅ ምን እንዲሠራ እንደተፈቀደለት የሚናገረውን ያህል የት ላይ መቆም እንዳለበትም ይናገራል።

ቆዳን መንከባከብ ራሱ ለእኛ አዲስ አይደለም። ወይባ መታጠን፣ እጅና እግርን እንሶስላ መሞቅ፣ ኩል መኳል፣ አናት ላይ ለጋ ቅቤ ማድረግ፣ ይህ ሁሉ በእናቶቻችን እጅ የኖረ ዕውቀት ነው። ድድና አንገት የምትነቅሰዋም ሴት በጊዜዋ ባለሙያ ነበረች፤ ያልነበረው መርፌዋ ከአንዷ ልጃገረድ ወደ ሌላዋ ከመሻገሩ በፊት ምን እንደተደረገበት የሚጠይቅ አካል ነው። የዛሬውን ሙያ ከቀድሞው የሚለየው ከቅባቱ ይልቅ ይህ ጠያቂ ነው።

በእኛ አገር «ፈቃድ አላት» ሲባል ሦስት የተለያዩ ወረቀቶች ይደባለቃሉ። አንደኛው የሥልጠና የምስክር ወረቀት ነው፤ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወይም ከግል ማሠልጠኛ የሚሰጥ ሲሆን የሚመሰክረው ትምህርቱን መከታተሏን ነው። ሁለተኛው ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛው ምኅጻር «ሲኦሲ» የሚለው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። ይህን የሚሰጠው ያስተማራት ተቋም ሳይሆን ሌላ መዛኝ አካል ነው፤ የጽሑፍና የተግባር ምዘና አለው፤ ውጤቱም በመቶኛ ሳይሆን «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ይነገራል። «ገና» የምትለዋ ቃል በጣም ደስ ትለኛለች፤ በሩን አትዘጋም፣ ክፍተቱን ሞልቶ ተመልሶ መመዘን ይቻላል። ከእህቷ ወይም ከአሠሪዋ እያየች ለዓመታት የሠራች፣ ኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጠች ሴትም ሙያዋን በዚሁ ምዘና ማስመስከር ትችላለች። ሦስተኛው ንግድ ፈቃድ ነው፤ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ማንኛውም ነጋዴ የሚያወጣው ሲሆን የሚመለከተው ቤቱን እንጂ እጇን አይደለም። መስታወት ውስጥ ታቅፎ የሚታየው ብዙ ጊዜ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ደንበኛዋ ማየት የነበረባት ግን ሁለተኛውን ነበር።

ቃሉ ራሱ የመጣው ከውጭ ስለሆነ እዚያ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል፤ በተለይ ዘመድ አሜሪካ ወስዶ «እዚያ ይህን ሥራ ትሠሪያለሽ» ለሚላቸው ልጆች። በአሜሪካ ኤስቴቲሽያንነት ከፀጉር ሥራ ተለይቶ የሚሰጥ የመንግሥት ፈቃድ ነው፤ የሚሰጠውም የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። ለፈቃድ ፈተና ለመቀመጥ ካሊፎርኒያ 600፣ ቴክሳስ 750፣ ጆርጂያ 1,000 የሥልጠና ሰዓት ይጠይቃሉ። አንዱ ጋር የተገኘ ፈቃድ ሌላው ጋር ያለ ተጨማሪ ጥያቄ አይሠራም። በአውሮፓና በሌሎች አገሮች ደግሞ በ1946 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተው ሲዴስኮ የተባለ ዓለም አቀፍ የውበት ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠው ዲፕሎማ ይታወቃል። የእኛ ሲኦሲ እዚያ ሲደርስ ፈቃድ ሆኖ አያገለግልም፤ የሥልጠና ሰዓቷን በዝርዝር የሚያሳይ፣ በተቋሟ ማኅተም የተረጋገጠ ማስረጃ የያዘች ልጅ ግን ባዶ እጇን ከሄደችው ይሻላታል።

ወደ ጎንደር ልመለስ። ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት፣ ሥራውን ከሰባት ዓመት በላይ የሠራች ባለሙያ ጋር ግማሽ ቀን ተቀምጬ ነበር። ወደ አምሳ ዓመት የሚጠጋቸው ሴት ገቡ፤ ሁለቱም ጉንጫቸው ላይ ማድያት አለባቸው። ከቦርሳቸው ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ብልቃጥ አወጡና «ልጄ፣ ይህን ስቀባ ጠፍቶልኝ ነበር፤ ሳቆመው ብሶ ተመለሰ። ጠንከር ያለ ፌሻል ሥሪልኝና ይነሣ» አሏት። ባለሙያዋ እጇን ታጠበች፣ የአጉሊ መነጽር መብራቷን ስባ ፊታቸውን በጣቷ ጫፍ ወጠር አድርጋ አየች። ቆዳው ሳስቶ ቀጫጭን የደም ሥሮች ወጥተዋል። ብልቃጡን ከፍታ አሸተተችና መልሳ ከደነችው። «እትዬ፣ ዛሬ ፊትዎን አልነካም» አለቻቸው። «ይህ ቅባት ምን እንዳለበት አላውቅም፤ ቆዳዎ ግን ሳስቷል፤ ብፈትገው ይቆስላል፣ ሲድን ደግሞ ከአሁኑ የባሰ ይጠቁራል። መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይይዎት፤ ብልቃጡንም ይዘው ይሂዱ።» ሴትዮዋ ቅር ብሏቸው ወጡ። ያን ቀን የፌሻል ዋጋ ቀረባት። እኔ ፈቃድ የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ በትክክል የገባኝ ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

በእንዲህ ያለ ብልቃጥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን፣ አልፎ አልፎም ሜርኩሪ ናቸው። ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፤ ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ሊያቀላው የታሰበውን ቆዳ መልሶ ሰማያዊ ወደሚመስል ጥቁረት ሊለውጠው ይችላል፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። የውበት መጠበቂያ ምርቶችም ከምግብና ከመድኃኒት ጋር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቁጥጥር ሥር የወደቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ስም፣ የይዘት ዝርዝርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የሌለው ቅባት ቤቷ ውስጥ የምታስቀምጥ ባለሙያ ሌላው ሥራዋ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን አላምናትም።

ጀማሪዎች የሚቸገሩበት ሌላም ነገር አለ። የሥልጠና ጽሑፎችና ቪዲዮዎች አብዛኞቹ የተዘጋጁት ነጭ ቆዳን እያዩ ነው። ቆዳ ለፀሐይ የሚሰጠውን ምላሽ በስድስት የሚከፍለው የፊትዝፓትሪክ መለኪያ እንኳ በ1975 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲነደፍ ነጮችን ብቻ የሚመለከት ነበር፤ ቡናማና ጥቁር ቆዳ የተካተተው ኋላ ነው። ትምህርቱ «ፊቱ ሲቀላ አቁሚ» ይላል፤ የእኛ ደንበኛ ፊት ግን ተቆጥቶም ላይቀላ ይችላል። የሚታየው ሙቀት፣ እብጠት፣ ማሳከክ ነው፤ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ጥቁር ጠባሳ። ብጉር በጥፍር ያፈረጠች ልጅ ብጉሩ በሳምንት ሲጠፋ ጥቁረቱ ለወራት የሚቆይባት ለዚህ ነው። ስለዚህ የሞተ ቆዳ የሚያነሣ አሲድ ያለው ቅባት ወይም ስክራብ የሚባለው ጠንካራ መፈተጊያ ሲታሰብ ከዝቅተኛው መጠን መጀመር፣ ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ ላይ ጥቂት ቀብቶ ከ24 እስከ 48 ሰዓት መጠበቅ ግዴታ ነው። «ነገ ሠርጌ ነው» ለምትል ደንበኛ ይህ አይዋጥላትም፤ እምቢ ማለት ግን ሠርጉን ከማበላሸት ይቀልላል።

ፀሐዩንም አለመርሳት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የፀሐይ የአልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አሥር በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ አይታወቀንም እንጂ ማድያትን የሚያባብሰው እርሱ ነው። ፌሻል ተሠርታ የፀሐይ መከላከያ ቅባት (ሰንስክሪን) ሳትቀባ ጥምቀተ ባሕር ስትውል የከረመች ሴት የከፈለችበትን መልሳ እንዳጣችው ቁጠሩት።

ንጽሕናን በሚመለከት ሲኦሲ ላይም ሆነ ቤት ውስጥ የሚፈትነው ነገር ቀላል የሚመስለው ነው። ዕቃን ማጠብ፣ በኬሚካል ማከምና ጀርሙን ፈጽሞ መግደል ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው፤ ያልታጠበ ዕቃ ላይ አልኮል ማርከፍከፍ ትርጉም የለውም። ጥቁር ነጥብ ለማውጣት ቆዳ የሚወጋው መርፌ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ በደም የሚተላለፉ ናቸውና። ዋክስ ውስጥ የገባ እንጨት ቆዳ ከነካ በኋላ ወደ ማሰሮው አይመለስም። ለብጉር በአፍ የሚዋጠውን አይሶትሬቲኖይን የምትወስድ ደንበኛም በዋክስ አትነካም፤ ቆዳው አብሮ ይላጣልና፤ መድኃኒቱን ካቆመች በኋላም ስድስት ወር ያህል መጠበቅ የተለመደ ነው። ይህን ለማወቅ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ደንበኛ ራሷ አትነግርም።

አሁን ወደ እንጀራው። አዲስ የተመዘነች ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የምትጀምረው በሰው ቤት «በፐርሰንት» ነው፤ ከሠራችው ላይ ድርሻዋን ትወስዳለች። ስትስማማ ክፍፍሉን ብቻ ሳይሆን ቅባቱና ዋክሱ በማን ወጪ እንደሚገዛም አስቀድማ ትጠይቅ፤ ጠብ የሚነሣው ከዚያ ነው። ገቢው እንደ ወራቱ ይለዋወጣል። ጥርና የካቲት መጀመሪያ ይሞላል፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት እንደገና ይነሣል፣ ክረምት ይቀዘቅዛል። በሙሽራ ሜካፕ ላይ ብቻ የተደገፈች ባለሙያ በጾሙ ሁለት ወር ገደማ የቤት ኪራይ ታስባለች። ብጉር ያስቸገራቸውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በየወሩ የሚመለሱ የመንግሥት ሠራተኞችን የያዘችው ግን ጾም ፍስክ አትልም። እኔ ብጠየቅ ጀማሪዋን የምመክራት ውድ ማሽን ከመግዛቷ በፊት አጉሊ መነጽር ያለው መብራት፣ የሚተኛበት አልጋ፣ በቂ ንጹሕ ፎጣና የሚዘጋ የመርፌ ማስወገጃ እንድታሟላ ነው።

ያቺ የፒያሳዋ ባለሙያ መሳቢያዋ ውስጥ የምታስቀምጠው ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አላት። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ትሰጣለች፤ ምን ትቀባለች፣ ምን መድኃኒት ትወስዳለች፣ እርጉዝ ናት ወይ፣ ጠባሳ ያብጥባታል ወይ፣ ባለፈው ምን ተደረገላት። የላይኛው ቆዳ ራሱን ለመተካት አራት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ ቀጠሮ የምትሰጠው በአማካይ በወሩ ነው። ብልቃጡን ይዘው በመጡት ሴት ገጽ ላይ የዚያን ቀን ቀኑን ጻፈች፤ «ስሙ ያልታወቀ ቅባት፣ አልተሠራም፣ ወደ ሐኪም» ብላ ከታች ለቀጣዩ ቀጠሮ የሚሆነውን ቦታ ባዶውን ተወችው።