የሕዝቅያስ እንባና የበለሱ ጥፍጥፍ፦ ከሃርት አታክ በኋላ በተስፋም በስጋትም ለሚኖሩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ተኝቶ ሳለ ነቢዩ ኢሳይያስ መጣና ቤትህን አሰናዳ፣ አትድንም አለው። ንጉሡ አልተከራከረም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጸለየ፣ አምርሮም አለቀሰ። ኢሳይያስ ገና ከግቢው ሳይወጣ እግዚአብሔር መለሰው። ጸሎቱ እንደተሰማ፣ እንባው እንደታየ፣ 15 ዓመት እንደተጨመረለት፣ በሦስተኛውም ቀን ወደ ቤተ መቅደስ እንደሚወጣ ተነገረው። ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙዎቻችን አንብበን እናልፈዋለን፦ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በእባጩ ላይ አስደረገለት (2ኛ ነገሥት 20)።

እንባው፣ ተስፋውና መድኃኒቱ በአንድ አልጋ ዙሪያ ነበሩ። ንጉሡ ስላለቀሰ እምነት ጎደለው ያለ የለም። 15 ዓመት ከሰማይ ለተጨመረለት ሰው በለስ ምን ያደርግለታል ያለም የለም።

ሃርት አታክ ደርሶባቸው ከባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ወይም ከጥበበ ግዮን ሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው የገቡ ወንድሞችና እኅቶች ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ሐሳብ ይጨነቃሉ። አንዱ «ባምን ኖሮ አልፈራም ነበር» የሚል ነው። ሌላው «ኪኒን የምውጠው እምነት ስለሌለኝ ነው» የሚል ነው። የመጀመሪያው ሰውን በፍርሃቱ ላይ ኀፍረት ይጨምርበታል፤ ሁለተኛው ሊገድለው ይችላል።

ምን እንደደረሰባችሁ በትክክል ማወቅ ራሱ ያረጋጋል። በየሰፈሩ የልብ ሕመም ሁሉ «የልብ ድካም» ይባላል። ሐኪም የልብ ድካም የሚለው ልብ ደም የመግፋት አቅሟ ሲቀንስ ነው፤ ሃርት አታክ ሌላ ነው። ልብን ራሷን በሚመግቡት የደም ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመ ስብ ይሰነጠቅና በላዩ ላይ ደም ይረጋል። መንገዱ ሲዘጋ ከዚያ በታች ያለው ጡንቻ መሞት ይጀምራል። የተጎዳው ቦታ ጠባሳ ሠርቶ እስኪጠነክር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ያ ስብ የተጠራቀመው በደም ግፊት፣ በስኳር፣ በሲጋራ፣ በኮሌስትሮልና በዘር ምክንያት ነው። ስለዚህ በዚያን ቀን ያናደደህን ጎረቤት ወይም የተጨቃጨቅሽውን ልጅ «ልቤን ያፈነዳው እሱ ነው» ብሎ መያዝ ልክ አይደለም። ቁጣ በታመመ የደም ሥር ላይ ጠንቅ ሊሆን ይችላል፤ ሥሩን ያሳመመው ግን እሱ አይደለም። ይህን ቂም ይዞ የሚኖር ካለ ለነፍስ አባቱ ይንገርና ይውጣለት።

አሁን ወደ በለሱ እንምጣ። ከሃርት አታክ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል፣ እንደ አቶርቫስታቲን ያለ የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ እንደ ሜቶፕሮሎል ያለ የልብ ምት የሚያረጋጋ ኪኒንና እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒት ናቸው። እያንዳንዱን ማቋረጥ የየራሱ መዘዝ አለው። ስቴንት የተባለው የሽቦ ቱቦ የገባለት ሰው ክሎፒዶግሬልን ያለ ሐኪም ፈቃድ ካቆመ ቱቦው ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘውም ለ12 ወር ነው። ሜቶፕሮሎልን በአንድ ቀን መጣል ልብን በድንገት ያስሮጣታል። የኮሌስትሮሉን ኪኒን «ምርመራዬ ተስተካክሏል» ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው፤ የተስተካከለው እኮ ስለተዋጠ ነው። መድኃኒት ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ የ10 ቀን ሲቀራችሁ ፈልጉ እንጂ የመጨረሻዋን ፍሬ አትጠብቁ።

ጠበልም በዚሁ መንገድ ይታያል። ኪኒኑን ጥሎ ጠበል የሚገባ ሰው ሁለቱን የሚያጣላቸው ራሱ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 በሕመም ጊዜ ጸልይ ይላል፣ ከኃጢአት ተመለስ ይላል፣ ከዚያም ለሐኪም ቦታ ስጥ ይላል፤ ባለሙያውንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና። በተግባር ግን ጥንቃቄ አለው። ሌሊት በብርድ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ድንገት መጠመቅ የደም ሥርን ያኮማትራል፣ ግፊትን ያንራል፣ ልብንም ያስጨንቃል። ለጥምቀተ ጠበል የሐኪም ፈቃድ እስኪገኝ ጠጥቶና ተቀብቶ መቆየት ይቻላል። እግሩ ለሚያብጥና ፈሳሽ በልክ እንዲጠጣ ለተነገረው ደግሞ በጆግ የሚጠጣ ጠበልም ከዚያው ልክ ይቆጠራል፤ በረከቱ ለአንድ ኩባያ አያንስም።

ስለ ሌሊቱ ረዘም አድርገን እንናገር፤ ፍርሃት የሚበረታው ያኔ ነውና። ቀን በሰው መካከል የተረሳው ልብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በትራስ ውስጥ ይመታል። አንዲት ምት የዘለለች ይመስላል፤ እጅ ወደ ደረት ይሄዳል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ትንፋሽ ሲፈጥን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም በብዛት ይወጣል፣ ከንፈርና የጣት ጫፍ ይነዝራል፣ ራስ ይዞራል፣ ደረት ይጨመደዳል። ሰውየው ይህን ሲያይ «መጣብኝ» ብሎ ይበልጥ ይፈራል። ፍርሃቱ ሕመም የሚመስል ነገር ሠራ፣ ሕመም የመሰለውም ፍርሃቱን አሳደገ።

ሕመምና ጫና ከሌለ፣ ያለው ፍርሃትና የልብ መምታት ብቻ ከሆነ፣ ተነሥታችሁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እግራችሁ ወለሉን ይንካ። 41 ፍሬ ያለውን መቁጠሪያ ያዙ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አየር ስትስቡ በልባችሁ «እግዚኦ» በሉ፤ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ ስታወጡ «መሐረነ ክርስቶስ» በሉ። አንድ ፍሬ 10 ሰከንድ ነው፤ 41ዱ ሲያልቅ 7 ደቂቃ ገደማ ሆኗል። ረዘም ያለ የትንፋሽ ማውጣት የልብ ምትን የሚያዘገየውን ነርቭ ያነቃዋል። የተለመደው ስሕተት መጀመሪያ ላይ በጥልቀት ቶሎ ቶሎ መሳብ ነው፤ ያ ንዝረቱን ያባብሰዋል። አየር ከማውጣቱ ጀምሩ፤ መሳቡ በራሱ ይመጣል።

ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን መቁጠሪያውን አስቀምጡ። ተቀመጡ። ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ናይትሮግሊሰሪን ታዝዞላችሁ ከሆነ 1 ፍሬ አድርጉ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልለቀቃችሁ አምቡላንስ ይጠራ ወይም መኪና ይፈለግ፤ ራሳችሁ አትንዱ፣ በእግራችሁም አትሂዱ። ለአስፕሪን አለርጂ የሌለበትና የደም መፍሰስ የሌለበት ሰው 300 ሚሊ ግራም ያህል አላምጦ ይዋጥ፤ ቤት ያለው ባለ 81 ሚሊ ግራሙ ከሆነ 4 ፍሬ ነው። ናይትሮግሊሰሪን ለወንድ አቅም የሚወሰድ ኪኒን ከዋጡ በኋላ ግፊትን አደገኛ በሆነ ደረጃ ይጥላል፤ አፍራችሁ ከሐኪም አትደብቁ። ብልቃጡ ሙቀትና ብርሃን ያበላሸዋልና በመኪና ውስጥ አይተው። ስኳር ያለባቸው፣ ሴቶችና አረጋውያን ደረታቸውን ሳያማቸው ማቅለሽለሽ፣ ድንገተኛ ድካም ወይም የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሰማቸው ይችላል። ስትጠራጠሩ ሂዱ። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሥቶ «ደህና ነህ» ተብሎ የተመለሰ ሰው ማንንም አላስቸገረም።

ስለ ጾም የሚጨነቁ ብዙ ናቸው፤ በተለይ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሲቃረቡ። የጾሙ ሁለት ገጽታ ለየብቻ ይታይ። ከሥጋና ከቅቤ መከልከሉ ለልብ ሕመምተኛ የሚስማማ ነው። ችግር የሚያመጣው ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ ላይ የዋለ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። ሽንት የሚያሸናውን ኪኒን ውጦ ውኃ ሳይጠጣ የዋለ ሰው ግፊቱ ይወርዳል፣ ኩላሊቱም ይጎዳል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የከበደ ቀንበር አልጣለችም፤ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመምተኛውን ያስባል። የኪኒኖቻችሁን ስምና ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ለነፍስ አባታችሁ አሳዩ፤ ሰዓቱን ትቶ ምግቡን መጾም፣ በቀረው ፈንታ ምጽዋትና ጸሎት መጨመር የሚፈቅዱትን እሳቸው ይወስናሉ። የጾም ምግብ ሁሉ ለልብ ጥሩ ነው ማለት ደግሞ አይደለም። እንደ ቅቤ የሚረጋው የፓልም ዘይት በሽሮው ላይ ሲንሳፈፍ የተከለከለው ስብ በሌላ በር ገባ ማለት ነው። ጨው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ፣ አይብለጥ፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባው ጭምር ይቆጠራል። ስለዚህ የእናንተው ድርሻ ያለ ጨው ይዘጋጅ።

ስግደትም እንዲሁ። ግፊት የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ግንባሩን መሬት አስነክቶ ቶሎ ብድግ ሲል ደም ወደ ራስ ሳይደርስ ይዘገይና ዐይኑ ይጨልማል። ሐኪም እስኪፈቅድ ራስን ዝቅ በማድረግ መስገድ ይበቃል፤ የሰሙነ ሕማማትን ስግደት ከጤነኞች ጋር እኩል ለመጨረስ መፎካከር አይገባም።

ለመራመድ ባሕር ዳር የተመቸች ናት፤ የጣና ዳር መንገድ ሜዳ ነው፣ ጥላም አለው። በመጀመሪያው ሳምንት 5 ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። ቀስ በቀስ ጥቂት ደቂቃ እየጨመሩ በ6ኛው ሳምንት 30 ደቂቃ መድረስ ይቻላል። ልኩን በጸሎት መለካት ይቻላል፦ እየተራመዳችሁ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ድምፅ አውጥታችሁ ትንፋሽ ሳይቆራርጣችሁ ከደገማችሁት ፍጥነቱ ደህና ነው። ከተቆራረጠ ቀስ በሉ። ምግብ እንደበላችሁ ወይም በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር አትውጡ። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ መውጣቱ ለኋላ ይቆይ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ጠባሳው ሳይጠነክር አይነሣም።

ለቤተሰብ አንድ ነገር እንጨምር፤ መርዶን። የልብ ሕመምተኛ ነው ተብሎ የወንድሙ ሞት ለወራት የሚደበቅበት ሰው አለ። አሳቢነቱ ይገባናል። ነገር ግን በሽተኛው በሹክሹክታው፣ እሱ ሲገባ በሚቋረጠው ወሬ፣ በተዘጋው ስልክ አንድ ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ያልተነገረውን ሁሉ ስለ ራሱ ሕመም የተደበቀ አድርጎ ይገምታል። በቀን፣ ከበላና ኪኒኑን ከዋጠ በኋላ፣ ተቀምጦ ሳለ፣ በሚወደው አንድ ሰው ለስለስ ተብሎ ይነገረው። ጩኸቱ ይቅር፣ እንባው አይከልከል። ንጉሡም አልቅሷል።

ፍርሃቱ ወደ ሌላ ነገር የሚለወጥበት ጊዜ አለ። ከሃርት አታክ ከተረፉ 5 ሰዎች 1 ያህሉን ድባቴ ያገኘዋል። ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ምንም ነገር የማያስደስት ከሆነ፣ እንቅልፍ ከጠፋ ወይም ከበዛ፣ ጸሎትም ኪኒንም ከተተወ፣ «ምነው ያኔ በሄድኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ለሐኪም ይነገር። መድኃኒትና የምክር ሕክምና አለው። «ጸልይ፣ ይለቅሃል» ብሎ ብቻ መሸኘት የበለሱን ጥፍጥፍ ከንጉሡ እባጭ ላይ ማንሣት ነው።

ሕዝቅያስ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤተ መቅደስ ወጣ። የእናንተ ሦስተኛ ቀን ሐኪም የሚነግራችሁ ቀን ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ሐኪም ቤት ወደሚቀርብ ቤተ ክርስቲያን ይሁን፤ ለከተማው ሰው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቅርብ ነው። ዘጌ በጀልባ የሚኬድበት፣ ከወደቡም ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ዳገት ያለው መንገድ ነውና ለሌላ ወር ይቆይ። ቅዳሴውን ሙሉ ለመቆም አታስቡ። በሩ አጠገብ ወንበር ያዙ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል እግራችሁ የሚችል ከሆነ ተነሡ፣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በልባችሁ ቁሙ። ናይትሮግሊሰሪኑ በነጠላው ጫፍ ሳይሆን በደረት ኪስ ይሁን፤ አጠገባችሁ ለቆመው ሰውም የት እንዳለ ንገሩት።