የርቀት ትምህርት በወሎ

የርቀት ትምህርት ተማሪና መምህር በአንድ ክፍል ሳይገናኙ በታተመ ሞጁል (ለብቻ እንዲነበብ በተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ)፣ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን ወይም በኢንተርኔት የሚካሄድ የመማር ማስተማር ሥርዓት ሲሆን፣ በወሎ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በሞጁሉ ነው። ሥራቸውንና ቤተሰባቸውን ትተው ዩኒቨርሲቲ መግባት የማይችሉ የገጠር መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የግብርና ልማት ሠራተኞችና የቀበሌ ሥራ አስኪያጆች ዲፕሎማቸውንና ዲግሪያቸውን ሲያሻሽሉ የኖሩት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ወሎ ለትምህርት ሲባል ርቆ መሄድን ከጥንት ያውቃል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ወዳስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተማሪዎች ከሩቅ አገር በእግራቸው ይመጡ ነበር። በኋለኛው ዘመንም ደረሶች፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪዎች፣ ኪታባቸውን ይዘው በወሎ ወደሚገኙት የትምህርት ማዕከላት፣ ወደ ጀማ ንጉሥና ወደ ገታ ሸሆች ተጉዘዋል። የቆሎ ተማሪውም ደረሳውም መምህሩን ፍለጋ ይሄዱ ነበር፤ በርቀት ትምህርት ግን መጽሐፉ ተማሪውን ፍለጋ ይመጣል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የቆሎ ተማሪው ጓደኛና የኔታ ነበረው፣ ሞጁል የያዘ ተማሪ ግን ካልታገዘ ብቻውን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው በአቅራቢያው ባለ የማስተባበሪያ ማዕከል ተመዝግቦ ሞጁሎቹን ይረከባል፤ ቤቱ ሆኖ ያነባል፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ በማዕከሉ በኩል ይመልሳል፣ በተወሰኑ ቀናት ለቱቶሪያል ተሰብስቦ ከመምህር ጋር ይወያያል፣ በመጨረሻም ፈተና ይቀመጣል። ከእነዚህ ሁሉ የትምህርቱን ጥራት የሚወስነው ቱቶሪያሉ ይመስለኛል። ራሱን ችሎ እንዲነበብ የተጻፈ ጥሩ ሞጁል እንኳ የሒሳብ ቀመር የጠፋበትን ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈው አንቀጽ የከበደውን ተማሪ "እዚህ ላይ ነው የተሳሳትህ" ብሎ አያርመውም።

የወሎ ችግርም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ማዕከላቱ በብዛት የሚገኙት ከአዲስ አበባ በኮምቦልቻ፣ በደሴና በወልድያ አልፎ ወደ ሰሜን በሚዘልቀው አስፋልት ዳር ባሉ ከተሞች ነው። በደላንታና በመቅደላ መካከል ግን የበሽሎ ሸለቆ አለ፤ ከአንዱ አምባ ሌላው በዓይን እየታየ፣ ወርዶ መውጣቱ ቀን ይፈጃል። በክረምት ወንዙ ሲሞላ መንገዱም ይዘጋል። እንዲህ ባለ ቦታ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለአንድ የቅዳሜ ቱቶሪያል ዓርብ ከሥራዋ መነሳት፣ በከተማ ማደሪያ መፈለግና የመጓጓዣ መክፈል ይኖርባታል፤ ልጅ ካላት ደግሞ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። በወረቀት ላይ ከደሴው ተማሪ ጋር እኩል ተመዝጋቢ ናት፤ የምታገኘው ትምህርት ግን እኩል አይደለም።

በሥርዓቱ ላይ ከላይ የመጡ ለውጦችም አሉ። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥት የጥራት ጉድለትን ምክንያት አድርጎ የርቀት ትምህርትን ያገደ ሲሆን፣ እገዳው ብዙም ሳይቆይ ላላ። ቁጥጥሩ ያስፈልግ ነበር፤ ሳይማሩ የሚሰጥ ዲግሪ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው በሐቅ የተማረውን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው፣ ተማሪው ለመመረቅ የሚፈተነው የመውጫ ፈተናም ለብቻው ሲያነብ የኖረውን ተማሪ ቱቶሪያል ካልጎደለበት ጋር በአንድ መስፈርት ይለካል።

በቴሌቪዥን የማስተማሩ ሙከራ ከሁሉ በላይ የሚታወሰው "ፕላዝማ" በተባለው ስሙ ነው። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳተላይት የተሠራጨው ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ፣ ለተማሪው ጥያቄ የማይቆምና መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነበር።

ኢንተርኔት ተስፋ የተጣለበት ቢሆንም መሠረቱ ገና አልጸናም። የኮሮና ወረርሽኝ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ዞረ፤ ስማርት ስልክና ኔትወርክ የሌለው የገጠር ልጅ ግን ከዚህ ብዙም አልደረሰውም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና ደሴን ሲያዳርስ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ተዘረፉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ለወሎ ገጠር የሚታሰብ ማንኛውም የርቀት ትምህርት ኔትወርክ ሲጠፋም የሚያስተምር፣ ማለትም የታተመ ሞጁልና ሬዲዮን ያልጣለ መሆን ይኖርበታል።

ሰው በኩል ያለው አቅም ከቀድሞው ይሻላል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ከአስፋልቱ ምዕራብ ባለው ደጋ፣ በመካነ ሰላም ጭምር፣ መምህራን አሏቸው። የደሴና የወልድያ መምህራን ትምህርት ኮሌጆችም የመማሪያ ክፍልን ችግር የሚያውቁ አስተማሪዎች አሏቸው። እነዚህ ተቋማት በየወረዳው ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በገበያ ቀን፣ ቋሚ ቱቶሪያል ቢያቆሙ ከበሽሎ ማዶ ያለችው ተመዝጋቢ ለመማር ደሴ መውጣት አይጠበቅባትም፤ የገበያ ቀን ሕዝቡ እንደሆነ በራሱ ጉዳይ ወደ ከተማው ይወርዳል።