የአሳማ አሮስቶ በመሃል አዲስ አበባ

የአሳማ አሮስቶ የፈረንጅ ምግብ ነው። ሥጋው በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ኦቨን ውስጥ ይጠበሳል፣ ከዚያ በፍራፍሬና ግሬቪ በሚባለው ወፈር ያለ መረቅ ይቀርባል። አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ሰው ቀምሶት አያውቅም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም ሙስሊሞችም አሳማ አይበሉም። ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ ባይከለከልም፣ ከልጅነቱ ያለመደው ነገር ስለሆነ ብዙው አይነካውም።

ስለዚህ ሰፈር ልኳንዳ ሄዶ አሳማ መጠየቅ ቀልድ ይመስላል። ሥጋው የሚፈለገው የውጭ ዜጎች በሚያዘወትሯቸው ሱፐርማርኬቶች ነው። ተሠርቶ የሚበላው ደግሞ በአንዳንድ ትልልቅ ሆቴሎችና በፈረንጅ ምግብ ቤቶች ነው። የቻይና ምግብ ቤቶችም አሳማ አላቸው፤ አሠራራቸው ግን ሌላ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ለእንግዶቹ አስቀድሞ ቢነግር፣ ቢላዋና መክተፊያውንም ለብቻ ቢያደርግ ጥሩ ነው። ይሄ በአዲስ አበባ ይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ ለአንዳንዱ እንግዳ ያ ድስት ዳግም አይበላበትም።

የምግቡ ዋና ነገር መዘፍዘፉ ነው። ለዚህ የሚሆነው የጀርባ ሥጋ ብዙ ስብ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል። ጨው ግን የሥጋውን ፕሮቲን በከፊል ያላላዋል። ያን ጊዜ የጡንቻው ክሮች ያብጡና ውሃ ይዘው ይቆያሉ፤ እሳት ላይም የሚወጣው ፈሳሽ ያንሳል። እኛ ዶሮ በጨውና በሎሚ ስናጥብ የምንፈልገው ንጽሕናና ጠረን ማጥፋት ነው፣ እዚህ ግን ጨው ወደ ውስጥ እንዲገባ ጊዜ ይሰጠዋል። ለ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም ጨውና 30 ግራም ስኳር ይበቃል። በማንኪያ ከመገመት መመዘን ይሻላል። ቅመሙ እንደ ልብ ነው፤ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ የብርቱካን ልጣጭ ይሆናል። ውሃው ፈልቶ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ሥጋው ይነከራል፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ከ4 ዲግሪ በታች ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። መብራት በሚሄድበት ቀን ባይጀመር ይመረጣል።

ፍራፍሬው እዚሁ አለ። የጨንቻ ፖም ጠንከርና ኮምጠጥ ስለሚል ለዚህ ምግብ የተመቸ ነው። ክረምት ላይ ኮክ ይገኛል። አናናስ ግን ጥሬውን ዝፍዝፉ ውስጥ መጨመር አይገባም፤ ፕሮቲን የሚበጣጥስ ኢንዛይም ስላለው ሥጋውን ያላሽቀዋል። ፓፓያም ያው ነው። የከተማዋ ከፍታ 2,350 ሜትር ገደማ በመሆኑ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ድስት ውስጥ የሚበስለው ፖም የምግብ አሠራር መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ሰዓት ትንሽ ይዘገያል።

ሥጋው ከዝፍዝፉ ወጥቶ በጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃል። እርጥብ ሥጋ ላዩ አይቀላም። 160 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 1 ኪሎ ተኩል የሚሆነው አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል፤ ሰዓቱን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን ማመን ነው። መሃሉ 63 ዲግሪ ሲደርስ ይወጣና ከመቆረጡ በፊት ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ያርፋል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሳማ ቁራጭ የሚመክረው ይህንኑ ነው። የተፈጨ ሥጋ ግን 71 ይፈልጋል።

ግሬቪው የሚሠራው ትሪው ላይ ከቀረው ስብና ፈሳሽ ነው። 2 ማንኪያ ዱቄት በስቡ ይቁላላል፣ ከዚያ ግማሽ ሊትር መረቅ ቀስ እየተባለ ይጨመርበታል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ትሪው ላይ ያለው ፈሳሽ ቀድሞውኑ ጨው ስላለው መረቁ ጨው የሌለው መሆን አለበት፤ የመረቅ ኩብ ከተጨመረበት ነገር ይበላሻል። ጨው የሚቀመሰው መጨረሻ ላይ ነው።

አሳማ የማይበላ ሰውም ዘዴውን በዶሮ ሊሠራበት ይችላል። ለሙሉ ዶሮ በዚያው ልክ የተበጠበጠ ጨው ውሃ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ይበቃል፤ ዶሮው ግን 74 ዲግሪ መድረስ አለበት።