ጠልሰምና የክታብ ሥዕል በጎጃም

ጠልሰም ዓይን፣ ፊት፣ ኮከብና ሐረግ ተጠላልፈው በብራና ላይ የሚሣሉበት የምስጢር ሥዕል ነው። በብዛት የሚገኘው ሕመምንና ክፉ መንፈስን ለማራቅ በሚጻፈው፣ ክታብ በተባለው ጥቅል ብራና ውስጥ ነው። ቃሉ ከግሪክ ተነሥቶ በዓረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን፣ ጥበቡም ተራውን ማዕድን ወርቅ ለማድረግ ሲደክሙ ከኖሩት የጥንት ጠቢባን ጋር በሩቁ ይዛመዳል።

ክታብ በጎንደር፣ በላስታና በትግራይም ይጻፋል። ይሁንና ደብተራ ሲባል የሰው ሐሳብ ቀድሞ ዓባይን መሻገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ስመ ጥሩዎቹ የቅኔ ቤቶች ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ ያሉት እዚሁ ጎጃም ነው። ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማውጣት በልጅነቱ የለመደ የቅኔ ተማሪ፣ አንዱን ነገር በሌላው ውስጥ ደብቆ መሣል አይቸግረውም።

ሥራው የሚጀመረው ከስም ነው። ደብተራው የታማሚውንና የእናቱን ስም ፊደል በቁጥር ደምሮ በ12 ይገድፍና ኮከቡን ያወጣል። ቀጥሎ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ በቀጭኑ ይቀደዳል። ቁራጮቹ እየተሰፉ ይቀጠላሉ፤ በደንቡ ክታቡ የባለቤቱን ቁመት ያህል መርዘም አለበት፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ተበጥብጦ ለወራት ይብላላል። መጻፊያው የመቃ ብርዕ ነው። ጸሎቱ «በስመ አብ» ብሎ ይነሣና ዓይነ ጥላን፣ ባርያና ሌጌዎንን፣ ሾተላይን የመሰሉ ክፉ መናፍስትን እየጠራ ያስራል፤ የቅዱስ ሱስንዮስና የሕፃናት ገዳይዋ የውርዝልያ ታሪክ፣ ንጉሡ አጋንንትን ያጠመደበት የሚባለው መርበብተ ሰሎሞንም ይገባበታል። የባለቤቱ የክርስትና ስም በቀይ ይጻፋል፦ «ዕቀባ ለአመትከ ወለተ ማርያም»።

ሥዕሉ ጸሎቱን ለማስጌጥ የገባ አይደለም። ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ከላይ ይቆማል፤ መካከል ላይ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ በልቡ የሰው ፊት፣ በየማዕዘኑ ደግሞ ዓይን። ክታቡ ተዘርግቶ በታማሚው ፊት ሲያዝ፣ በውስጡ ያደረው መንፈስ በራሱ በታማሚው ዓይን ያንን ያያል፣ ደንግጦም ይለቃል ይባላል። ዛሬ ስውር ልቡና የሚሉትን ነገር ደብተሮቹ በዚህ መንገድ ያውቁት ነበር ቢባል የተጋነነ አይመስለኝም።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስማትን አጥብቀው ነቅፈዋል። ከዚያ ወዲህ ጎጃምን በሚመለከት በደንብ ተጽፎ ከሚገኘው አንዱ የፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ጉዞ ነው። ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 እና 1929፣ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት አገሩን ሲገዙ፣ ጎጃም ገብቶ ስለ ሕዝቡ አኗኗር ብዙ መዝግቧል፤ በ1930ም የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ መልሶ በፓሪስ አሳትሟል። የእኛ ሊቃውንት በሹክሹክታ የሚያስተላልፉት በዚያ በኩል ለማንም አንባቢ ክፍት ሆነ።

ቤተ ክርስቲያን አስማቱን አትቀበልም። ጸሎቱና አስማቱ የት ላይ እንደሚለያዩ ግን ሊቃውንቱም አይስማሙም፤ ክታቡን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ያው ማሕሌት የቆመው ሰው ነውና። ደብተራ ሁሉ ጠንቋይ ነው የሚለው ወሬ ግን ሐሰት ነው።

ከሠዓልያን እስክንድር ቦጎስያን በፓሪስ ከሕልምና ከስውር ልቡና ሠዓልያን (ሱሪያሊስቶች) ጋር ውሎ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምር የክታብን ቅርጽ ወደ ሸራ አመጣ። ዘሪሁን የትምጌታም በዚሁ መንገድ ሠርቷል። ሁለቱም የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ ምንጩ ግን እነዚህ ብራናዎች ናቸው።

አሮጌ ክታብ ሲገዛ ቀዩን ስም በብርሃን ማየት ይበጃል። ብራናው እዚያ ላይ ሳስቶ ሻካራ ከሆነ የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቋል። በላዩ የተጻፈው የሌላ ሰው ነው፤ ቁመቱ ግን የመጀመሪያው እንደሆነ ቀርቷል።